በበጋ ላብ የታተመ በረዶ

ወረቀቱ ለኅትመት ባይርስ ኖሮ ከሥራ ይቀር ነበር፣ እሱም ቢሆን ሰበብ ነው፣ ኩማኪቺ ያውቀዋል፣ ከተማዋ ኤዶ በሙቀት ትነድዳለች፣ የራሰ ወረቀት እንዲህ ባለው ቀን ቶሎ ይሻግታል፣ እውነት ነው፣ ግን ሌላ አታሚ ይጨርሰው ነበር፣ አለቃው ራሳቸው ቤትህ ሁን ብለውታል፣ ልጅ ቀብረሃል፣ ሚስትህ አጠገብ ተቀመጥ። እሱ ግን መጣ። ሮጦ መጣ። ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ያ ነው የሚያባርረው፣ ሚስቱ ኦሪን የሕፃኗን ልብስ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች፣ እዚህ ግን ሥራ አለ፣ የተቀረጸውን ሰሌዳ ማራስ፣ ሰማያዊውን ከላይ አወፍሮ ወደ ታች ማሳሳት፣ ወረቀቱን አልብሶ ጀርባውን ማሸት፣ ወንዝ፣ በረዶ የተጫነው ድልድይ፣ ጨረቃዋን ማንም አያትማትም፣ ቀለም ያልነካው ወረቀት ነች።

እጁ አይንቀጠቀጥም። ቢንቀጠቀጥ ምን ነበረበት፣ ጭራሽ ከወትሮው በለጠ፣ ሌሊቱ ወደ ውኃው ሲወርድ የት ጋ እንደሳሳ አይታወቅም፣ አለቃው ቅድም አንስተው አዩት፣ እንዲህ ያለ ሰማይ ሠርተህ አታውቅም አሉት፣ ደስ አለው። ደስ አለው! ምን ዓይነት አባት ነህ አንተ፣ ሕፃኗን ትንፋሽ ሲያጥራት ጀርባዋን ያሸው ይኸው እጅ ነው፣ ሲያሻት አድሮ ምንም አልፈየደላትም፣ ለወረቀት ሲሆን ሰመረለት።

ላብ ግንባሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከጎኑ የሚያትሙት ሽማግሌው ቶራጂ አዩት፣ ኧረ አንተ ልጅ፣ ላብህን ሰብስብ፣ ገዢው ለበረዶ ከፍሎ ጎርፍ ተሸክሞ ይግባ እንዴ? የእርስዎ በረዶማ ቀልጦ አልቋል ጋሼ፣ ድልድዩንም ወስዶታል። አይ ምላስ! ይላሉ ሽማግሌው፣ ኩማኪቺም ይስቃል፣ ከየት እንደመጣበት አያውቅም፣ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እስኪያነባ፣ ቀና ሲል ኦሪን በሩ ላይ ቆማለች።

ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ። ከመቼ ጀምሮ ነው የቆመችው? ሰምታለች፣ መንገዱ ድረስ እስኪሰማ ነው የሳቀው፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችው፣ ቶራጂ አንገታቸውን ሰሌዳቸው ላይ ደፍተዋል፣ ምን ይበላት፣ ሳል ነው ይበላት፣ ልጅሽን አልረሳሁም፣ ልጅሽን ይላል ደግሞ፣ ልጃችንን፣ ምነው አንድ ጊዜ በጮኸችበት፣ በሰው ፊት ባዋረደችው።

አትጮህም። ጫማዋን አውልቃ ትገባለች፣ አጠገቡ ተንበርክካ ቋጠሮውን ትፈታለች፣ የተድበለበለ ሩዝ፣ በጨው የተዘፈዘፈ የፕሪም ፍሬ፣ ዓይኗ ሥር አብጧል።

ምን ብለውህ ነው?

እነማን?

ጋሽ ቶራጂ። ምን ብለው ነው ያሳቁህ?

ምንም፣ እንዲያው የሥራ ቀልድ። አንገቱን ይደፋል፣ አፈርኩ ኦሪን፣ አፈርኩብሽ።

አውቃለሁ፣ ትላለች፣ እጅጌውን ጨብጣ፣ ንገረኝ እባክህ፣ እኔም ልሳቅ።