ድንኳኑን ወደ መንገድ ያወረድኩ ቀን

የክረምት ዋንጫው ፍጻሜ የት እንደሚደረግ የሚወስኑት ሰዎች ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሜዳችንን ሊያዩ እንደሚመጡ ከተነገረን ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ለምርጫው የቀሩት ሁለት ሜዳዎች ነበሩ፤ አንዱ ሲ.ኤም.ሲ ያለው፣ ሌላው የኛ። እነሱ አጥርና መልበሻ ክፍል አላቸው። የኛ ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ በባሕር ዛፍ መሃል ያለ ሜዳ ነው። አዘጋጆቹ ግን የተመረጠውን ሜዳ በማሽን ሊደለድሉና የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሠሩለት ቃል ገብተዋል። የኛን ጎርፍ በየዓመቱ እየበላው የታችኛው ጎል ከገደሉ አፍ አራት እርምጃ ብቻ ቀርቶታል። ዘንድሮ ካልተመረጥን በሚቀጥለው ክረምት ጎሉ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን።

የሜዳውን መስመር በኖራ የማሰምረው እኔ ነኝ። የእድሩን ድንኳን የምተክለውም እኔ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አቶ ፉፋ አረፉ። በሰፈራችን ድንኳን የሚይዝ ደልዳላ መሬት ሜዳው ብቻ ስለሆነ የማንም ለቅሶ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ኳስ ሦስት ቀን ይቆማል። ቅዳሜ ማለዳ ሸራውን ይዤ ስደርስ የቡድናችን አምበል ሀሚድ መስመሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ፍጻሜውን ድንኳን ውስጥ ልታጫውተን ነው?» አለኝ።

ድንኳኑ ሌላ ቦታ እንዲሆን ወይዘሮ ወርቄን አንተ አነጋግራቸው፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩህ አለ። ከሰው ጋር ማውራት ይከብደኛል፤ ቢሆንም ሄድኩ። የሟች ሚስት ወይዘሮ ወርቄ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ሜዳው ረግረግ ሆኗል፣ ለቀስተኛው ይቸገራል፣ በርዎ ላይ ያለው ኮብልስቶን ይሻላል አልኳቸው። ዝናብ ካቆመ ሦስት ቀኑ ነበር።

«አንተ እንዳልክ ይሁን፣ ልጄ» አሉ።

ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተከልነው። ከአጥር እስከ አጥር ሞላው። እዚያ ዳገት ላይ መኪና ያለው ሰው ስለሌለ ይህ ለማናችንም አልታየንም።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ከድንኳኑ በታች ቆመ። አቶ ሕዝቅኤል የሚባሉ ፋይል የያዙ ጎልማሳ ሰውና ሒሩት የምትባል ረዳታቸው ወረዱ። ለቅሶ አይታለፍምና መጀመሪያ ገብተው ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ወርቄን እግዚአብሔር ያጽናዎት አሏቸው። እኔ አንዴ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንዴ ውጭ እላለሁ። ከዚያ በእግር ወደ ሜዳው ወጣን። ለኩ፣ የጎሉን ብረት ነቀነቁ፣ መስመሩ ቀጥ ማለቱን አመሰገኑ። ሀሚድ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

ሲመለሱ አቶ ሕዝቅኤል ድንኳኑ አጠገብ ቆመው ፋይላቸውን ገለጡ።

«አምቡላንስ በየት ነው የሚገባው?»

ሁላችንም ድንኳኑን አየን። ወይዘሮ ወርቄ ሊሸኟቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። ብናገር እሳቸው ይሰማሉ፤ ዝም ካልኩ ሜዳው ሄደ።

«ድንኳኑ የሚተከለው ሜዳው ላይ ነው» አልኩ። «እናንተ እንዳታዩት ብዬ ነው ወደዚህ ያወረድኩት። ሜዳው ረግረግ አልነበረም።»

አቶ ሕዝቅኤል ወደ ድንኳኑ ዞር አሉ።

«ሜዳው ላይ ብናገኘው ለቅሶ ደርሰን ሌላ ቀን እንመለስ ነበር። ከዚህ በፊትም አድርገነዋል። አሁን ግን መንገዱ በአንድ ድንኳን እንደሚዘጋ በዓይኔ አየሁ። ሌላ መግቢያ አለ?»

«የለም።»

ጻፉ። ከዚያ ፍጻሜው ሲ.ኤም.ሲ እንደሚሆን እዚያው ነገሩን፤ ባዶ ተስፋ ይዛችሁ እንዳትቆዩ ብዬ ነው አሉ። ሚኒባሱ መዞሪያ አጥቶ ወደ ኋላ እያለ ወረደ። ሀሚድም ጥሎኝ ሄደ።

ወይዘሮ ወርቄ ግን አልሄዱም።

«ፉፋ ያንን ሜዳ በዶማ ሲደለድል አንተ አልተወለድክም» አሉኝ። «ከቀብር ስመለስ ድንኳኑን እዚያ ላግኘው።»

«እሺ፣ እማማ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሬሳውን በትከሻ ይዘው በጫካው በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። እኔ ቀብር አልሄድኩም። ካስማውን ነቅዬ ሸራውን በሁለት ምልልስ ወደ ሜዳው አደረስኩት። የመሃሉ ምሰሶ ግን ለአንድ ሰው አይቆምም። ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። የቀብር ተመላሾቹ ድምፅ ከዛፎቹ መሃል ሲሰማ ምሰሶውን ኖራው ላይ አጋድሜ፣ አግዙኝ ልላቸው ወደ እነሱ ሮጥኩ።