ሊንጓ ማድሬ

«ልጅዎ ጣልያንኛ የተማረችው የት ነው?»

ጥያቄው ዘርፈሽዋልን ገረማት። ሶሊ እዚሁ ሮም ተወልዳ፣ እዚሁ አፏን ፈትታ ነው ያደገችው። መራመድ የት ተማረች ተብሎ ይጠየቃል? የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት፣ የሴግሬቴሪያው ሠራተኛ ግን ብዕሩን ይዞ መልሷን ይጠብቃል። ሶሊ አጠገቧ ተቀምጣ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ» አለች ዘርፈሽዋል።

እውነቷን ነው። የአዋቂዎች ትምህርት ቤት ገብታ ማንበብና መጻፍ ከጀመረች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። በመስከረም ሶሊ የምዝገባውን ወረቀት አምጥታ፣ «ማሚ፣ አንቺ ሙዪው፤ ልምምድ ይሆንሻል» አለቻት። ዘርፈሽዋል «ሊንጓ ማድሬ» የሚለው ጋ ስትደርስ ደስ አላት። ሊንጓ ቋንቋ፣ ማድሬ እናት። የእናት ቋንቋ! እናቲቱ እሷ ናት፤ «አማሪኮ»፣ አማርኛ ብላ ጻፈች። የተማሪዋ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማለት መሆኑን ማን ነግሯት?

በዚህ መልስ የተነሳ ሶሊ ጣልያንኛ ለሚከብዳቸው በተከፈተው የማካካሻ ክፍል ተመደበች። ሰዓቱ ከአናቶሚ ጋር ይጋጫል፤ አናቶሚ ያመለጠው የነርሲንግ ተማሪ ደግሞ ዓመቱን ይደግማል።

«አሎራ፣ እንግዲህ ቀላል ነው» አለ ሠራተኛው። «‹ስህተቱ የእኔ ነው› ብለው ይፈርሙና ከክፍሉ ትወጣለች።»

«ማሚ፣ እንዳትፈርሚ!» አለች ሶሊ በአማርኛ። «አብራኝ የምትማረው ጁሊያም እስፓኞሎ፣ ስፓኒሽ ብላ ሞልታለች፤ እናቷ አርጀንቲናዊት ናት። ማንም ወደ ማካካሻው አልጠራትም። እዚያ ክፍል ዘጠኝ ነን፤ ዘጠኛችንም ጥቁር። መርሃዊ እንኳ፣ ሊቼዮን፣ ሁለተኛ ደረጃውን እዚህ በማዕረግ የጨረሰው ልጅ፣ ‹ይህ ወንበር ነው› እያለ ይደግማል!»

ዘርፈሽዋል ወደ ሠራተኛው ዞረች። «ሌሎቹስ ልጆች?» አለችው በጣልያንኛ።

«የእነሱም እናቶች ይምጡ።»

የመርሃዊ እናት ያሉት አስመራ ነው።

«አየሽ?» አለች ሶሊ። «ጥፋቱን ባንቺ ላይ አላክከው ሊገላገሉ ነው።»

«አየሁ። ዓመትሽስ? የሰው አሮጊት አልጋ ላይ ሳገላብጥ የምውለው አንቺ እንድትደግሚ ነው?»

«ግን እኮ አላጠፋሽም!»

«እንዳላጠፋሁማ አውቃለሁ» አለች ዘርፈሽዋል። «ፊርማ የተማርኩት ለመቼ ነው ታዲያ?»

ብዕሩን ተቀበለችው። ስሟን ቀስ ብላ፣ አንድም ፊደል ሳትዘል ጻፈች።

ሰኞ ሶሊ ከክፍሉ ወጣች። መርሃዊና ሰባቱ ቀሩ።