የስፒቪዎች ባዶ መሬት

አልተን ስፒቪ ዘመዶቹን የሚያያቸው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ያም ይበዛበታል።

በነሐሴ ሙቀት ከአትላንታም ከዲትሮይትም ተጠራርተው ወደ አያታቸው አገር ይመጣሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ድንኳን ይተከላል፤ አሳማ ይጠበሳል፤ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ይለብሳል። አልተን ለብሶ አያውቅም። የራሱን ወንበር ከጥላው ዳር ዘርግቶ ዝም ብሎ ያያቸዋል።

የዚያን ዓመት ካናቴራ ሐምራዊ ነበር። ደረቱ ላይ «መሬታችንን አንለቅም» ይላል። ከጽሑፉ ሥር የመሬቱ ፎቶግራፍ አለ። አልተን ገና ሲያየው አወቀው። የጎረቤታቸው የሃስኪንስ የሣር ሜዳ ነው። የስፒቪዎች መሬት ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጥድና ረግረግ ነው። ፎቶውን ያነሳው ሰው ጫማው እንዳይቆሽሽ መንገድ ዳር ቆመና ያማረውን ወገን አንስቶ ሄደ።

«አልተን! ዘንድሮም አትለብስም?» አለው ቴረንስ። ቴረንስ የአጎቱ ልጅ ነው። አትላንታ መኪና ይሸጣል። የዝግጅቱ ሊቀ መንበር እሱ ስለሆነ ማይክሮፎኑ ከእጁ አይለይም።

«የሰው ሜዳ ደረቴ ላይ አልለጥፍም።»

«የማን ሜዳ?»

«የሃስኪንስ ነው። የኛ ከጀርባው ነው።»

ቴረንስ አጎንብሶ የገዛ ደረቱን አየ። «ያው አይደል እንዴ፣ ወንድሜ። አገሩ አንድ ነው» አለና ማይክሮፎኑን ነፋ ነፋ አድርጎ ስለ አያታቸው ላብ ይናገር ጀመር። ሰዉ አጨበጨበ። ከአጨብጫቢዎቹ መካከል መሬቱን በእግሩ የረገጠ አልነበረም።

አያታቸው ጆሳያ ስፒቪ ሲሞት ኑዛዜ አልጻፈም። ረስቶ አይደለም፤ አልጽፍም ብሎ ነው። መሬቱ በማንም ስም ካልዞረ ማንም ሊሸጠው፣ ነጮቹም ከጥቁር ቤተሰብ እጅ ሊነጥቁት አይችሉም ይል ነበር። ስለዚህ መሬቱ የሁሉም ሆነ። የሁሉም ስለሆነም ቤት የሠራበት የለም፤ ያረሰው የለም። የቀረው ግብሩ ነው። ለግብሩ ደግሞ የአያትየው አሮጌ ባርኔጣ በየዓመቱ ድንኳኑ ውስጥ ይዞራል። የተገኘውን አልተን ወደ ግብር ቢሮ ይወስዳል፤ የጎደለውን ከጡረታው ይሞላል። ዕድሜውን በጣውላ ፋብሪካ የጨረሰ፣ ከመሬቱ ፊት ለፊት ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ከየት እንደሚሞላው የጠየቀው የለም።

ባርኔጣው ዞሮ ተመለሰ። አልተን ወደ ውስጥ አየ። ከሳንቲሞቹ መሐል የማስቲካ ልጣጭ አለበት። ቴረንስ እጁን ሰደደና የወረቀት ገንዘቡን ለቀም አድርጎ ኪሱ ከተተ።

«ለድንኳኑ ኪራይ ነው» አለ። «ግብሩን አልተን ያውቅበታል። አይደል አልተን?»

«አዎ፣ አውቅበታለሁ» አለ አልተን።

ያን ዓመት አልከፈለም። የሚቀጥለውንም አልከፈለም። ማስጠንቀቂያው «ለጆሳያ ስፒቪ ወራሾች» ተብሎ በሱ ፖስታ ሣጥን ሲመጣ፣ አንብቦ ምድጃው ውስጥ ጨመረው። በኋላ ግብር ቢሮ ሄዶ በመስኮቱ ውስጥ ያለችውን ሴት ምን ምርጫ እንዳለ ጠየቃት።

«ከኔ ጋር ተነጋግረው ቀስ በቀስ መክፈል ይችላሉ» አለችው። «ካልሆነ ሁላችሁም ፈርማችሁ መሸጥ ነው።»

«ሁላችን? ግማሾቹ መፈረሚያውን ቦታ ብታሳዪያቸውም አያገኙትም።»

ሴትየዋ ሳቀች። «እንግዲያ የሚቀረው ሐራጅ ነው፣ ሚስተር አልተን። ይሄንን ማንም አይመርጥም።»

«መጫረት የሚችለው ማን ነው?»

«ገንዘብ ያለው ሁሉ።»

አልተን አመስግኗት ወጣ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ያሰበው ቀላል ነበር። መሬቱ በሐራጅ ይውጣ፤ እሱ ይግዛው፤ ከዚያ የሱ ብቻ ይሆናል። ባርኔጣም ካናቴራም ማይክሮፎንም አይደርሱበትም። የሐራጁ ማስታወቂያ በአውራጃው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዘመዶቹ አንዱ እንኳ ቢያነበው ነገሩ ይበላሽ ነበር። አልተን ግን ያውቃቸዋል። አላነበቡትም።

ሐራጁ የተደረገው እንደ ልማዱ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ነው። አንድ ፖሊስ የመሬቶቹን ዝርዝር እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ያነባል። ከታች ጥቂት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ፎይ ነበር፤ ግብር ላቃታቸው ሰዎች ሁሉ «መሬትዎን በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ» የሚል ደብዳቤ የሚልከው። ለአልተንም ልኮለት ያውቃል። አንገቱ የቀላ ወጣት ሲሆን መሬቱን የሚያየው በስልኩ ነው።

የጆሳያ መሬት ሲጠራ ሁለቱ ብቻ ተጫረቱ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ረግረግ ነው» አለው ፎይ ጠጋ ብሎ። «ምን ያደርግልሃል?»

«አንተስ ለምን ትጫረታለህ?»

«ሥራዬ ነዋ።»

«የኔም ሥራዬ ነው» አለና አልተን ጨመረ።

ፎይ ስልኩን አየ። ጨመረ። አልተንም ጨመረ። መሬቱ ከሚያወጣው በላይ ሲደርስ ፎይ ትከሻውን ሰብቆ፣ «ይመችህ፣ ሽማግሌው» አለና ወደ ጥላ ሄደ። አልተን ለመታከሚያና ለመቀበሪያ ያስቀመጠውን ሁሉ እዚያው አወጣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ መኪናውን መሬቱ ዳር አቁሞ ወረደና ጥዶቹን አያቸው። መጀመሪያ የሚሠራውን ያውቃል። መግቢያው ላይ ሰንሰለት ያስራል።

ሰንሰለቱን ገዛ። ከማሰሩ በፊት ግን የቀሩት ወራሾች ተመልሰው እንዳይጠይቁ ነገሩን በሕግ መዝጋት ፈለገና ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃዋ ካርዌል የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ወረቀቱን አነበበችና ቀና አለች።

«ሚስተር ስፒቪ፣ ይሄ ጆሳያ ስፒቪ ምንዎ ነው?»

«አያቴ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «እንግዲያ አልገዙትም።»

«ሰው ፊት ተጫርቼ ነው የገዛሁት!»

«ያደረጉትማ ግብሩን መክፈል ነው። ከወራሾቹ አንዱ በሐራጅ ቢገዛ፣ ሕጉ ለሁሉም እንደገዛ ነው የሚቆጥረው። መሬቱ እንደነበረው ነው። የሁላችሁም።» ቀጥላም ለዘብ ብላ፣ «የየድርሻቸውን እንዲከፍሉዎት መጠየቅ ይችላሉ። ይሄ መብትዎ ነው» አለችው።

«ዘመዶቼን አታውቂያቸውም።»

«የሰው ሁሉ ዘመድ እዚህ ይመጣል፣ ሚስተር ስፒቪ» አለች ጠበቃዋ። «አውቃቸዋለሁ።»

ነሐሴ መጣ። አልተን አልሄድም ብሎ ነበር። ግን አክስቱ ሉቪኒያ፣ ከጆሳያ ልጆች ብቻዋን በሕይወት የቀረችው፣ መኪና ላከችበት። እሷ ጠርታው የቀረ ሰው የለም። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። አልተን ወደ ኋላው ዞሮ አየ፤ ማንም አልነበረም።

የዘንድሮው ካናቴራ ቢጫ ነው። ደረቱ ላይ የአልተን ፊት ታትሟል፤ ከፊቱ በላይ «መሬታችንን ያዳነ» ይላል። ከፊቱ በስተጀርባ የሚታየው ሜዳ የሃስኪንስ ነው።

«ይኸው ጀግናችን!» አለ ቴረንስ በማይክሮፎኑ። «መሬታችን በሐራጅ ሊሄድብን ሲል፣ ይሄ ሰው የመቀበሪያ ገንዘቡን አውጥቶ ለሁላችን ተጫረተ! ለራሱ አላለም! አንድ ቃል እንኳ ሳይነግረን!»

አንዲት ወጣት ዘመድ ዓይኗን እየጠረገች አንገቱን አቀፈችው። «አጎቴ አልተን፣ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም» አለችው። አልተን ማን እንደሆነች አላወቃትም። እጁን ማሳረፊያ አጥቶ አንጠልጥሎት ቆመ።

አክስት ሉቪኒያ በጣቷ ጠራችው። ግብር ቢሮ መስኮት ውስጥ የምትቀመጠው ሴት እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከእሷ ጋር ትዘምራለች። አልተን ይህን ያውቅ ነበር፤ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ወንበሯ አጠገብ ተንበረከከ።

«ለቴረንስ የነገርኩት እኔ ነኝ» አለችው በለሆሳስ። «እሱ የሰማውን ያምናል። እኔ ግን አንተን ከልጅነትህ አውቅሃለሁ።»

አልተን ጉልበቷ ላይ ያለውን ባርኔጣ አየ።

«አባቴ ኑዛዜ ያልጻፈው ነጮቹን ፈርቶ ይመስልሃል?»

«እንደዚያ ነበር የሚለው።»

«ለናንተ የሚለው እሱን ነበር። ለኔ ግን፣ ከልጅ ልጆቼ አንዱ ከሌሎቹ ብልጥ ነኝ የሚል ይወጣል፣ ያ እንዳይወስደው ነው ብሎኛል።» አሮጌውን ባርኔጣ ከጉልበቷ ላይ አንስታ እጁ ውስጥ አደረገችው። «በል አዙር። የዘንድሮው ግብር ደርሷል።»

«ቴረንስ ያዙረው።»

«ቴረንስ ከሱ ላይ ያነሳል። አንተ ቢያንስ ትሞላለህ። ሂድ።»

አልተን ተነሳ። ባርኔጣውን ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞር ጀመር። ከየደረቱ የራሱ ፊት ያየዋል። ሰዉ እየሳቀ፣ ጀርባውን እየመታ ይባርከዋል፤ የሚሰጠው ግን ያው እንደ አምናው ነው። ቴረንስ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቴረንስ የአሳማ ስብ የነካውን ጣቱን በወረቀት ጠረገ፤ ኪሱን ዳበሰ፤ ሁለተኛውንም ዳበሰ።

«ቦርሳዬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ፣ ወንድሜ» አለና ጣቱን የጠረገበትን ወረቀት ባርኔጣው ውስጥ ጣለው።

አልተን ወረቀቱን አወጣው። ባርኔጣውን ዘርግቶ እንደያዘ ቆመ።

«መኪናህ እሩቅ አይደለም» አለው። «እጠብቅሃለሁ።»