በረዶ መላሹ ወንዝ ተሻገሩ

መሪጌታ ገዳሙ በዚያ ሰሞን እጅግ ደክሟቸው ነበር። ያደከማቸው እርጅና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰማይ ማየት ነው ያደከማቸው። ከነሐሴ መግቢያ ጀምሮ አንገታቸው ወደ ላይ እንደተሰቀለ ከረመ። ሲበሉም ሰማይ፣ ከሰው ሲያወጉም ሰማይ። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ብሎ ባለው አገራቸው ገብሱ አሽቷል፤ እሸት ላይ ያለ ገብስ ደግሞ በረዶ ካገኘው ለከብት እንኳ አይተርፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሳቸው ዘር በረዶ መላሽ ነው ይባላል። አያታቸው መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፣ ጥቁር ደመና ገብሱ ላይ ሊወርድ ሲያንዣብብ አይተው፣ መቋሚያቸውን ሰደድ አድርገው አንገቱን ያዙትና እንደ ጥጃ ከኮሶ ዛፍ ጋር አሰሩት አሉ። ደመናው ሲያጓራ ዋለ፣ ሲያጓራ አደረ፤ በማለዳ ቢሄዱ የራሰ ገመድ ብቻ ተገኘ። ሌላ ጊዜም የወረደውን በረዶ በኩታቸው ጠቅልለው ሰው ከማይደርስበት ገደል ደፉት ይባላል። አባታቸው ግን አንድ ዓመት ለዘመድ ተዝካር ወንዝ ተሻግረው ቢሄዱ፣ በዚያው ቀን በረዶ ወርዶ አገሩን ላጨው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሆኖ ቀረ፤ ከፍልሰታ ጾም እስከ ገብስ አጨዳ በረዶ መላሹ ወንዙን አይሻገርም። ገበያ ቢያምረውም፣ ወዳጅ ቢሞትበትም አይሻገርም። አገሬውም በበኩሉ ማሳውን ያርስለታል፣ አረሙን ያርምለታል።

መሪጌታ ገዳሙ ሠላሳ አንድ ክረምት እንዲህ ታስረው ኖሩ። ደመናው ሲጠቁር ኮረብታው ላይ ይወጣሉ፣ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ ያነሣሉ፣ ይበሰብሳሉ፣ ይወርዳሉ። በረዶው አንዳንዴ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ያልፋል። ሲያልፍ «መለሱት» ይባላል። ሲወርድ «በዓል የሻረ ሰው ቢኖር ነው እንጂ እሳቸውስ ነበሩ» ይባላል። ማዶ የወረደ እንደሆነ ደግሞ የማዶ ሰዎች «ሰደደብን» ብለው ዓመት ሙሉ ሰላምታ ይነሷቸዋል። እሳቸው ግን አንድም ቀን ደመና ሲታዘዝላቸው አላዩም።

ዘንድሮ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ታመሙ። መስቀል እንዳለፈ ልጃቸው እስከዳር መጥታ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሰኞ ዕለት ስልክ ደወለች። የእናቷ ሐሞት ጠጠር ቋጥሮ ቆስሏል፤ ሐኪሙ ሐሙስ ጠዋት ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው፣ ከዚያ ካለፈ ውስጥ ለውስጥ ፈንድቶ ይገድላቸዋል ብሏል። እናቷ ግን እምቢ ብለዋል።

«አባባ፣ ‹አባትሽን ሳላይ ምላጭ አይነካኝም› ብላለች። ለምኛት ለምኛት ደከመኝ። እርስዎ ካልመጡ አትፈርምም» አለች።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ መሪጌታ ገዳሙ ነገሩን ለሰዉ ገለጡ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቢተው ናቸው፤ ከመሪጌታ ጋር አብረው ፊደል የቆጠሩ፣ በቆሎ ተማሪነት ዘመን አንዱ ውሻ ሲከላከል ሌላው እህል ውሃ እየለመነ ያደጉ የልጅነት ጓደኛ።

ማንም አይሆንም አላለም። በዚያ አገር ሰው ፊት ለፊት አይሆንም አይልም። አንዱ የወይዘሮ ደብሪቱን ጤና ጠየቀ። ሌላው ለሕመም የሚሆን ነጭ ማር እልካለሁ አለ። ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ደግ ሆነና፣ ስምንት ጎልማሳ መርጠን በቃሬዛ እናምጣልዎ፣ እዚሁ ይዩዋቸውና እንመልሳቸዋለን አለ። የታመመች ሴት ከሐኪም ቤት አውጥቶ ተራራ ለተራራ መሸከም ከበረዶ መላሽ ወንዝ መሻገር የቀለለ መስሎ ታያቸው። ባሏ የሞተባት የኔአለም ብቻ ከአንዲት ማሳ በቀር የሌላት ሆና ሳለ ዝም ብላ መሬት መሬት ታይ ነበር።

መሪጌታ በመጨረሻ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልወጣቸውን ቃል አወጡት።

«ወንድሞቼ፣ እኔ በረዶ መልሼ አላውቅም።»

አቶ ቢተው ፈገግ አሉ። «አባትህም እንደዚሁ ይሉ ነበር። የተሰጠው ሰው መቼ ያውቀዋል ብለህ ነው?»

ሰዉም በፍቅር ዓይን ተመለከታቸው። ትሕትና ነው የመሰለው። መሪጌታም አባታቸው ሞት አፋፍ ላይ ሆነው «ልጄ፣ አንዲት ጠጠር እንኳ መልሼ አላውቅም» ያሏቸው ትዝ አላቸው። ያን ጊዜ እሳቸው ራሳቸው አላመኗቸውም ነበር።

አቶ ቢተው እስከ ቤታቸው ሸኟቸው።

«አንድ ሳምንት ታገሥልኝ» አሉ አቶ ቢተው ደጃፉ ላይ ሲደርሱ። «ወዲያው ማጨድ እንጀምራለን። ወላጆቻቸውን ያጡ ስድስት የልጅ ልጆች እጄ ላይ ናቸው፣ ታውቃለህ።»

«ለእሷ ሐሙስ ነው ቀኑ።»

«ለእሷማ እግዜር አለላት።»

«ለገብሱስ ማን አለው?»

አቶ ቢተው ደህና ዋል ብለው ተመለሱ።

ረቡዕ ጠዋት መሪጌታ ገዳሙ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወንዙን ገቡ። ውሃው ከጉልበት አይዘልም፤ እሳቸው ግን ሊሰምጡ እንደሆነ ሁሉ ጥልቀቱን በመቋሚያቸው እየለኩ ተራመዱ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀና ብለው አዩዋቸው። ከመካከላቸው አንዲቷ አፏን በእጇ ያዘች። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልረገማቸውም። ቢረግሟቸው ይሻል ነበር። ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲያደርቁ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ሮብ ገበያ ሚኒባስ አገኙ። መኪናው ግማሽ መንገድ እንደሄደ ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «ጮቄን እዩት፣ ዛሬ ሊዘንብ ነው» አለ። መሪጌታ ዞረው አዩ። በአገራቸው ላይ፣ ልክ በአገራቸው ላይ፣ ደመናው እንደ ከሰል ጠቁሯል። «ወራጅ አለ» የምትለዋ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰች። ከፊታቸው ያለውን ወንበር ጨብጠው ዋጧት። ቢመለሱም ኮረብታው ላይ ቆመው ከመበስበስ ሌላ የሚያደርጉት አልነበረም። ይህን ያውቃሉ፤ ማወቅ ግን ሆድ አያስችልም። ደብረ ማርቆስ እስኪገቡ ደግመው ወደ ኋላ አልዞሩም።

ወይዘሮ ደብሪቱ አልጋው ላይ ከስተው፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ አገኟቸው።

«መጣህ?» አሉ። «ሰማዩን ለማን ትተህ?»

«ለሠራው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ እስከዳርን ወረቀቱን አምጪ አሏትና አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመሪጌታ ስልክ ጮኸ። አቶ ቢተው ነበሩ።

«ወረደ?» አሉ መሪጌታ።

«ወረደ።»

«ብዙ ጎዳ?»

«የኔን አልማረም። ድንበሬ ላይ ሲደርስ ቆመ። የኔአለምን አልነካም። ያንተንም አልነካም።»

መሪጌታ አይዞህ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ቢተው ቀጠሉ። አገሬው አንድ ቃል ሆኗል አሉ፤ መሪጌታ ደብረ ማርቆስ ሆነው መንገዳቸውን በዘጋባቸው ሰው ላይ በረዶውን ለይተው ሰደዱት፣ ዝም ያለቻቸውን መበለት አተረፏት እየተባለ ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ… ማረኝ ልልህ ነው የደወልኩት። እነዚህን ልጆች ብቻ አትንካብኝ።»

ስልኩ በመሪጌታ እጅ ላይ ከበደ። በልጅነታቸው አንድ ደበሎ ለብሰው አብረው ያደሩት ሰው ፈርቷቸዋል። ለሠላሳ አንድ ዓመት የማዶ ሰዎች ሲፈሯቸው ኖረዋል፤ የገዛ ወዳጃቸው ግን ፈርቷቸው አያውቅም። እንደምንም ድምፃቸውን አበርትተው፣ የእኔን ገብስ እጨደው፣ ለልጆቹ ይሁን አሏቸው።

«ያንተን ገብስ ማን ደፍሮ ማጭድ ያነሣበታል?»

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በለው» አሉ። ስልኩን ተቀበሉ።

«አያ ቢተው፣ ደብሪቱ ነኝ። ስማኝ። ይህ ሰው ከስጥ ላይ ዶሮ መመለስ የማይችል ሰው ነው። አርባ ዓመት ዶሮውን የመለስኩ እኔ ነኝ። ዶሮ ያልታዘዘለት ሰው በረዶን እንዴት አድርጎ ያዝዛል?»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ቀጠሉ።

«ነገ ሆዴን ሊቀድዱት ነው። ብሞት ደግሞ ሞቱን ማን ሰደደባት ልትል ነው? ተው፣ ገብሱን እጨድ፤ ልጆቹን አብላ። ማጭድህ ዶልዱሞ እንደሆነ የኔ ጓዳ ተሰክቷል፣ ውሰደው።»

በስልኩ ውስጥ ሳል የሚመስል ነገር ተሰማ። ሳቅ ነበር፤ ሳቅ ለመሆን ያፈረ ሳቅ። ከዚያ አቶ ቢተው እሺ አሉ፣ እግዜር ይማርሽ አሉ፣ ስልኩ ተዘጋ።

«አምኖሽ ነው ወይስ ፈርቶኝ?» አሉ መሪጌታ።

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ ልጆቹ ሲርባቸው ያጭዳል» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ደክሟቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸው ግን የባላቸውን ክንድ አለቀቀም።

መሪጌታ ገዳሙ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጉና ግንባራቸውን ፍራሹ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ቀና ቢሉም የሚታየው ጣሪያ ነው። እስከዳር ሻይ ይዛ ስትመለስ፣ አባቷ ገና በቀን፣ ከነጋቢያቸው፣ እንደ ሕፃን ተኝተው ነበር። ልትቀሰቅሳቸው ስትል እናቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተያቸው አሏት።