ልጇን ያየሁት እኔ ነኝ

ጢሙ እንኳ ቀላል ነው፣ ብሩሹን ወደ ታች ጎተት፣ ጎተት፣ የኮቱ ኮሌታ ነው የሚያስቸግረው፣ አቡጀዲው የነሐሴን ርጥበት ጠጥቶ ቀለሙን መልሶ ይተፋዋል፣ እኔም መሰላል ላይ ተንጠልጥዬ እንደገና እቀባለሁ፣ ሦስት ጢማም ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ከእኔ ቁመት የሚበልጡ፣ ከታች ጓድ ወንዳፈረው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል፣ የአውራጃው የቅስቀሳ ኃላፊ፣ ጓድ ዶክተር ጠና ቀዩን ደመቅ ያድርጉት፣ ይላል፣ ዐሥረኛው የአብዮት በዓል ነው እንጂ የሰፈር ሠርግ አይደለም። ደመቅ አደርገዋለሁ። ምን ላድርግ።

በአዳራሹ መስኮት የሆስፒታሉ ቆርቆሮ በዝናቡ መሃል ይታየኛል፣ ዋርዱ ሞልቷል፣ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ሐኪም ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተወሰደ ወዲህ በዚህ ከተማ ሆድ የሚከፍት እጅ የእኔ ብቻ ነው፣ ያ እጅ አሁን ጢም ያበጥራል፣ ሳቅ ይመጣብኛል፣ እውጠዋለሁ፣ እዚህ ሳቅም ያስጠይቃል።

ጥፋቱ የማን ነው፣ የሥዕሉ ነው፣ ሥዕል ባይኖረኝ ማንም እዚህ አይሰቅለኝም ነበር፣ ግን ባይኖረኝ ደግሞ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ተማሪ ሳለሁ አጥንትና ጡንቻ ለፈተና እስላለሁ ብዬ ጀመርኩት፣ ከዚያ የሬሳው እጅ አልበቃኝ አለ፣ በሕይወት ያለ እጅ አማረኝ፣ እረፍት ስወጣ አገሬ አንጋጫ ሄጄ ገበያው ውስጥ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ቅቤ ሻጮቹ፣ ትከሻቸው፣ አክስቴ ይሄ ልጅ ሐኪም ሊሆን ሄዶ ምን ሆኖ መጣ እያለች ለጎረቤት ታማኛለች። ሆሳዕና ከተመደብኩ ወዲህ የምሥለው እሑድ እሑድ ነው፣ በሽተኞቼን ዞሬ ካየሁ በኋላ በረንዳዬ ላይ፣ በዱቄት ጆንያ ጨርቅ ላይ። ሳምንቱን ሙሉ የማየውን ነገር የት ላድርሰው። አንዳንዱ መጠጥ ይይዛል። ሲስተር አበራሽ፣ ዋርዱን የምትመራው፣ በእድሜ እናቴን የምታህል፣ ትቀልድብኛለች፣ ዶክተር፣ ሥዕሉን ሳይነኩ የከረሙበት ሳምንት እኛን ነው የሚነክሱት። እውነቷን ነው። ግን አንድ ሰው ሲሞትብኝ፣ እሑድ ባልሥል ኖሮ፣ እላለሁ፣ እሑድ ባነብ ኖሮ። ማንን እየሰረቅሁ ነው የምስለው።

አንድ እሑድ ጓድ ወንዳፈረው ጨጓራዬን ላሳይዎ ብሎ ቤቴ መጣ፣ መድኃኒቱን ተቀበለና ግድግዳው ላይ ዐይኑ ቀረ፣ ጉንጯ የጎደጎደ አንዲት ሴት አለች፣ ይህቺ ለምን ከሳች አለ፣ ታማ ነበር አልኩ፣ ሴትዮዋን ትቶ እጄን አየ፣ እጅዎ ጥሩ ነው ጓድ ዶክተር አለ። እጅህ ጥሩ ነው ሲሉኝ እጄን ኪሴ እከታለሁ፣ ባፈናንም እንዲህ ይሉት ነበር፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን፣ በአንድ ሳጥን ቀለም አብረን የምንሥለውን፣ በዚያ በክፉው ዘመን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ሥዕል የእሱ ነው አሉና ከአልጋው ላይ አነሱት፣ ሳጥኑ እኔ ጋ ቀረ፣ እሱ አልተመለሰም። ስለዚህ በሥራ ቀን ከሆስፒታል ተለቀህ የበዓሉን ሥዕል ትሠራለህ ሲሉኝ እሺ አልኩ። እሺ። ቶሎ ብዬ።

ሀዋ እንዴት ሆና ይሆን።

ጠዋት ነው ያመጧት፣ ባሏ ረሺድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ምጧ ሲጠናባት ከሺንሺቾ ጭኗት ሲመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፣ የአካባቢው ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ አደረሳት፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ በከምባትኛ ሳናግራት ደነገጠች፣ አንተ የእኛ ሰው ነህ እንዴ አለች፣ በምጥ መሃል ፈገግ። ሆዷን አዳመጥኩ፣ የልጁ ልብ ደህና ነበር፣ ጭንቅላቱ ከፍ ያለ ነው፣ ትንሽ እንጠብቅ አልኩ፣ የወንዳፈረው ላንድሮቨር ውጭ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር፣ እንጠብቅ ያልኩት ሆዷን አይቼ ነው ወይስ ጥሩምባውን ሰምቼ፣ አላውቅም፣ ማወቅ አለብኝ፣ ሐኪም ይሄን ካላወቀ ምን ያውቃል፣ ብሩሹ ኮሌታውን አልፎ ጉንጩ ላይ ወጣ፣ ጠራረግሁት።

በሩ ላይ ጭቅጭቅ። ዘበኛው አይገባም ይላል፣ አንድ ሰው ይገፈትረዋል፣ ዝናብ የጠጣ ሰው፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ረሺድ ነው፣ ዶክተር! ሲስተር ናት የላከችኝ፣ የልጁ ልብ ደከመ ብላሃለች፣ ቶሎ ና ብላሃለች፣ ዶክተር!

ወንዳፈረው ይዞራል፣ ወንድሜ፣ እዚህ የመንግሥት ሥራ ላይ ነን፣ ሴት ሁሉ ትወልዳለች፣ ያንተ ሚስት የመጀመሪያዋ ናት? ረሺድ እሱን አያየውም፣ ወደ ላይ ነው የሚያየው፣ ወደ እኔ፣ እግሬ አንድ እርከን ወርዷል፣ ሳላዘው፣ ሌላ እርከን፣ ጓድ ዶክተር ወዴት ነው፣ ከዚያ እርስዎነቱ ይወልቃል፣ ወዴት ነው የምትወርደው፣ የአብዮት ሥራ ጥለህ? ሴትዮዋ ትሞታለች በለው፣ በለው እንጂ፣ አፌ ግን ሌላ ይላል፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ነው ጓድ፣ ርጥብ ላይ ከደረብኩበት ይበላሻል። ፈሪ። ለሰው ነፍስ ስሄድ እንኳ የምዋሽ። ግን ወረድኩ። ከረሺድ ጋር ጭቃውን እየቧጠጥን ዳገቱን እየሮጥን ነው፣ አንተ ታድናታለህ ይለኛል፣ ሰው ሁሉ ነገረኝ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ተው ረሺድ። እባክህ ይሄን ቃል ተው።

አበራሽ ሁሉንም አዘጋጅታለች፣ በላምባ እጄን እፈትጋለሁ፣ በሳሙና፣ በብሩሽ፣ ጥፍሬ ሥር ያለው ቀይ አልወጣ አለ፣ ይተዉት ዶክተር ጓንት ይሸፍነዋል፣ የልጁ ልብ እንዴት ነው፣ እላታለሁ፣ ጓንቱን ትዘረጋልኛለች። ሀዋ በማደንዘዣው ተኝታለች። ቆዳ። ስብ። ማህፀኑ ሳስቶ ሊተረተር አፋፍ ላይ ነው፣ ቀስ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ መቼም ተንቀጥቅጦ አያውቅም፣ የእሑዶቹ ሥራ ነው ይሄ፣ መስመር የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ያውቃል፣ ደሙ ይመጣል፣ ብዙ ነው፣ እና እኔ፣ ፈጣሪ ይይልኝ፣ እንዲህ ያለ ቀይ በየትኛውም ሱቅ የለም ብዬ አስባለሁ፣ ሴት በእጄ ላይ እየደማች ቀለሟን አያለሁ፣ ምን ዐይነት ሰው ነኝ፣ ሰው ነኝ ወይ፣ ልጁን አወጣሁት።

ወንድ ነው።

አይጮህም። አበራሽ አፉን ትጠርጋለች፣ ጀርባውን ታሻሻለች፣ ትንፋሽ ትሰጠዋለች፣ እኔ መስፋቴን አላቆምም፣ ማቆም አልችልም፣ እናቱ እየደማች ነው፣ ግን አንገቴ ይዞራል፣ ፊቱን አያለሁ፣ ይዞራል፣ አያለሁ፣ አበራሽ ደጋግማ ትሞክራለች፣ ከዚያ ትቆማለች፣ በነጭ ጨርቅ ትጠቀልለዋለች። ወደ መርፌዬ እመለሳለሁ። ደሙ ቆመ። ሀዋ ትኖራለች። አዳራሹ ውስጥ ባልውል ኖሮ ልጁም፣ ምናልባት፣ ምናልባት የሚለው ቃል እንዴት ያለ አሽክላ ነው፣ ገብተህበት አትወጣም።

ረሺድ በሩ ላይ ጉልበቴ ላይ ይወድቃል፣ ሚስቴን ሰጠኸኝ፣ አላህ እጅህን ይባርክልህ፣ ተነሥ እለዋለሁ፣ ተነሥ፣ ቢሰድበኝ፣ አንድ ጊዜ ቢመታኝ። ሕፃኑን ታቅፎ ሄደ፣ ሳይመሽ አፈር አለበሱት።

ዛሬ ጠዋት ዋርድ እየዞርኩ ነው። ወደ አዳራሹ አልተመለስኩም፣ ቀለሙ ከደረቀ ቆየ፣ ውሸቴም አብሮ ደርቋል። ሀዋ ትኩሳት የላትም፣ ቁስሏ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳውን ታያለች፣ ረሺድ አጠገቧ ተቀምጦ ኮፊያውን ያገላብጣል። እንዴት አደርሽ ሀዋ። ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ፣ በቋንቋችን፣ ቀስ ብላ፣ ማንን ይመስላል?

ማን?

ልጄ። ተኝቼ ነበር። እሱን ብጠይቀው፣ ባሏን በአገጯ ታሳየኛለች፣ ተጠቅልሎ ነው የተሰጠኝ፣ ለመግለጥ ድፍረት አጣሁ ይለኛል። ሲስተሯ ደግሞ ዶክተሩ አይቶታል፣ እሱ ያየውን አይረሳም፣ ሠዓሊ ነው አለችኝ። ንገረኝ እንግዲህ። አንተ ነህ ያየኸው።

አበራሽን ዞሬ አያታለሁ፣ አንሶላ ታጥፋለች፣ ቀና አትልም።

ምን ልበላት፣ ቆንጆ ነበር ልበላት፣ ለማንም የሚባል ነገር፣ አየዋለሁ እኮ፣ አሁንም ከፊቴ ነው፣ ከትናንት ጀምሮ ከዐይኔ አልወጣም፣ ሌሊቱን ከእሱ ስሸሽ ነው ያደርኩት፣ በደሙ መሃል የሰረቅሁት ፊት ነው ብዬ፣ በገዛ ነውሬ ያየሁት። ሀዋ፣ እላታለሁ፣ በአፍ መንገር አልችልበትም፣ ብሥለውስ። ረሺድን አየዋለሁ፣ በእምነታችሁ ቤት ሥዕል የማይገባ ከሆነ፣ ረሺድ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፣ ኮፊያውን ያጠልቃል፣ ትየው ይላል፣ መጀመሪያ ትየው።

የግሉኮስ ካርቶን ክዳን ቀደድኩ፣ እርሳስ ከኪሴ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አፍንጫው ሰፋ ያለ ነው። የላይኛው ከንፈሩ መሃል ላይ ትንሽ ሾል ይላል። ቅንድቡ ገና ጥላ ነው፣ ሀዋ ክርኗን ተደግፋ ልትነሣ ትሞክራለች፣ ስፌቱ፣ ተይ፣ ካርቶኑን ዝቅ አድርጌ ወደ እሷ አዘነበልኩት፣ እያየች ልሥለው።

የበሩ መጋረጃ ይከፈታል፣ ጓድ ወንዳፈረው ነው፣ ዝናብ ካፖርቱ ላይ ያንጠባጥባል፣ ከኋላው አንድ ጠብመንጃ የያዘ ሰው፣ ጓድ ዶክተር፣ ለማን ብለህ ሥራ ጥለህ እንደሄድህ አሁን ታስረዳለህ፣ ተነሥ። ባፈናን ከአልጋው ያነሱት በዚሁ ቃል ነው፣ ተነሥ፣ እግሬ ሊቆም ይላል፣ ለመደበት እኮ፣ እሺ ማለት ለመደበት፣ አበራሽ አንሶላዋን እንደታቀፈች በመካከላችን ትቆማለች፣ ጓድ፣ ዋርድ ውስጥ በጭቃ ጫማ አይገባም፣ ውጭ ይጠብቁ፣ ትላለች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ለማንም ጠያቂ እንደምትለው።

ሀዋ ወደ በሩ አታይም። ጣቷን ካርቶኑ ላይ፣ ከቅንድቡ በላይ፣ ሳታስነካ ታሳልፋለች፣ ግንባሩ የአባቴ ነው፣ ትላለች፣ ለራሷ ነው የምትለው፣ ረሺድ ና እየው፣ የአባቴ ግንባር ነው።

ዶክተር ጠና!

አንዴ ይጠብቁኝ፣ እላለሁ፣ ድምፄ የእኔ ነው፣ የምሠራው አለኝ፣ አልጨረስኩም። ያለው ይሁን፣ የሚሆነው ከበሩ ውጭ ነው፣ እኔ ከበሩ ውስጥ ነኝ፣ ጆሮው ቀረኝ፣ ግራ ጆሮው፣ ጫፉ ትንሽ ታጥፎ ነበር፣ እንዲህ፣ አዎ እንዲህ