ሽቦ የሌለው ምሰሶ

ዘነቡ ማኒቬላውን ሦስት ጊዜ አሽከርክራ የወፍጮውን ሞተር ስታስነሳ፣ ከወረዳ የመጣው የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ አዝመራው ማሸጊያ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

"ያጥፉት እትዬ ዘነቡ። ከዛሬ ጀምሮ ታሽጓል።"

ገብስ የጫኑ አህዮች እስከ ብልባላ ገበያ ድረስ ተሰልፈዋል።

"ይሄ ሁሉ ሰው ላሊበላ ሄዶ ያስፈጭ ነው የምትለኝ? ወይስ አንተ ትሸከምላቸዋለህ?"

"የተቃጠለው የሞተር ዘይት ምንጩ ውስጥ ገብቷል።"

"ዘይቱን ግድግዳው ሥር የማፈሰው ምስጥ እንዳይበላው ነው። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።"

ከወፍጮው ቁልቁል ምንጩ አጠገብ የምትኖረው ሰርክአዲስ ከሰልፉ ወጥታ የውሃ ጠርሙሷን ሰጠቻት።

"እስቲ አሽቺው። ከክረምት ወዲህ እንዲህ ነው። ወፍጮውን ይዘጉብናል ብዬ ዝም አልኩ።"

ዘነቡ አሸተተችው። የገዛ እጇ ሽታ ነው። ሞተሩን አጠፋች፤ ንዴቷ ግን አልጠፋም። ደጇ ላይ ወደተተከለው የመብራት ምሰሶ ጠቆመች።

"ይሄን ሲተክሉ በግ አርጄ አብልቻቸዋለሁ። 'በስድስት ወር በመብራት ትፈጫለሽ' አሉኝ። ይኸው አራት ዓመቱ። መብራቱ የላሊበላን ሆቴል ያደምቃል፣ ጢሱን እኔ እውጣለሁ፤ ከዚያ በካይ እባላለሁ።"

"መብራት የእኔ ሥራ አይደለም።"

"ማሸግ ብቻ ነው ያንተ?"

ከሰልፉ ውስጥ ሴቶች ሳቁ። አዝመራው ቅጹን ዘረጋ። "ጥፋትዎን አምነው የሚፈርሙበት ነው።"

ዘነቡ እስክሪብቶውን ተቀብላ በትልልቁ ጻፈች፦ "ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። የነከረውን አፈር ቆፍሬ አወጣለሁ።" ከሥሩም ጨመረች፦ "ምሰሶው አራት ዓመት ሙሉ ሽቦ የለውም። መብራት ቢገባ ናፍጣም ዘይትም ባልነካሁ።"

አዝመራው አንብቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የላይኛው ይበቃል። የታችኛውን አለቆቼ ካዩት እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ይሰርዙትና የዛሬውን ሰልፍ ይጨርሱ፤ ነገ አሽጋለሁ።"

ዘነቡ አህዮቹን አየች። አንዳንዶቹ ሌሊት ነው የተነሱት። ሰርክአዲስን አየች።

"እኔ አህያዬን ላሊበላ ድረስ እነዳለሁ" አለች ሰርክአዲስ፣ የአህያዋን ጭነት እያጠበቀች።

ዘነቡ ከታችኛው መስመር ሥር ፈረመችና በምስክርነት እንድትፈርም እስክሪብቶውን ለሰርክአዲስ አቀበለቻት።