ሁለቴ የጎረሰ ጠመንጃ

ቅዳሜን የምወድ ሴት ነኝ። ከፋርማሲ ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ኦክላንድ ያለው ቤቴ ጸጥ የሚልልኝ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ጸጥታውን ያመጣልኝ ደግሞ ጠመንጃ ነበር።

የባለቤቴ የብርሃነ መስቀል የልብ ጓደኛ ፍስሃ ይባላል። የአስመራ ልጅ ነው፤ ከወደቡ ኮንቴይነር በትራክ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። አምና ሚስቱ ኣርሴማ ስትሞትበት አንደበቱ ተዘጋ። በየቀኑ እየመጣ ሳሎኔ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። "ሻይ ላምጣልህ?" ስለው "እሺ" ይላል፤ ሌላ ቃል የለም። በጣም አሳዘነኝ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰለቸኝ።

ከሶፋው ያነሳችልኝ ልጁ ወይኒ ናት። ከሪችመንድ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ መለማመጃ ቅዳሜ ቅዳሜ የደህንነት ተቆጣጣሪ ናት። አባቷን ላናፍሰው ብላ ብርሃነንም ጨምራ ወሰደቻቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እዚያ የድሮ ዓይነት፣ ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ የሚገባ ጠመንጃ አይተው ልባቸው ጠፋ። አንዱን ለሁለት ገዙት።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ የባሩድ ትምህርት ቤት ሆነ። ብርሃነ ማውንቴን ቪው ኢንጂነር ሆኖ የሠራ ሰው ስለሆነ ነገር ሳያስረዳ እህል አይወርድለትም።

"ፅጌ፣ እዚህ የሚገባው ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው። ይሄ የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ቢገባበት በርሜሉን ይሰነጥቀዋል። መጠኑም ፋብሪካው ካለው አያልፍም፤ የኛ ማክሲመሙ በባሩድ መለኪያ ሰባ ግሬይን ነው። ጥይቱ ደግሞ ባሩዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጣል። መሀል ላይ ክፍተት ካለ ፕሬዠሩ አይታወቅም።"

እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ "እሺ" እላለሁ። ፍስሃ ከሶፋው "ሰባ" ብሎ ይደግማል። ያችም ለሱ ትልቅ ንግግር ነበረች።

ባለፈው ወር ፍስሃ መጠቅጠቂያውን ዘንግ አፈሙዙ ውስጥ ረስቶ ተኮሰ። ዘንጉ ዒላማውን ትቶ ኮረብታው ላይ ተተከለ። ወይኒ ሁለቱንም እንደ ሕፃን አቁማ፣ "አባዬ፣ ጋሼ ብርሃነ፣ ዋን ሞር ሚስቴክ፣ ጠመንጃውን እወስደዋለሁ። አይ ሚን ኢት" አለቻቸው። ይህን ስሰማ ሶፋዬ ታየኝና ደነገጥኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳቸውን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። ሁላችንም ጆሯችን ላይ የድምፅ መከላከያ ደፍተናል፤ ካልጮህክ ማንም አይሰማህም። ፍስሃ ሽንት ቤት ሲሄድ ብርሃነ ባሩዱን ለክቶ ጨመረ፣ ጥይቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ጠቀጠቀና ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መነጽሩን ከመኪና ሊያመጣ በኔ በኩል ሲያልፍ፣ "ለፍስሃ አጉርሼለታለሁ፤ ዛሬ እሱ ይቅደም" ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በር ላይ "አንተ ግባ፣ አንተ ቅደም" ሲባባሉ ቤት ውስጥ ብርድ የሚያስገቡ ናቸው። ይህን እያወቅሁ የምሳ ዕቃውን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ፍስሃ ተመልሶ ዘንጉን በሁለት እጁ ወደ ታች ይጫናል።

"ምን እያደረግህ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

"ለብሬ እያጎረስኩለት ነው። ዛሬ እሱ ይቅደም።"

ባሩድ በባሩድ ላይ፣ ጥይት በጥይት ላይ። በርሜሉ ቢፈነዳ የማን ፊት እንደሚሄድ እግዜር ይወቀው። እንዳልናገር ወይኒ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። ላንሾካሹክ ብል ሁሉም ጆሮው ተደፍኗል፤ ብጮህ ጠመንጃው ተወረሰ፣ ፍስሃም ወደ ሶፋው ተመለሰ።

ይህ ጠመንጃ የሚተኩሰው መዶሻው ሥር ጥፍር የምታህል የመዳብ ቆብ ሲደረግለት ነው። ቆቦቹ ያሉባት ትንሽ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ዳቦ የማቀርብ መስዬ ተጠጋሁና ጣሳዋን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጎጥኳት። በሰባ ዓመቴ ሌባ ሆንኩ፤ ደስ አላለኝም አልልም።

ብርሃነ መጣ። ክርክሩ ተጀመረ።

"ፍስሃ፣ ቅደም።"

"አይሆንም፣ አንተ ቅደም።"

"በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ አንተ ነህ።"

በሕይወቴ የሐበሻን ይሉኝታ የዚያን ቀን ያህል ወድጄው አላውቅም። በመጨረሻ ግን ፍስሃ ተሸነፈና ለቆብ እጁን ዘረጋ። ጣሳዋ የለችም። ጠረጴዛው ሥር ፈለጉ፣ ኪሳቸውን ገለበጡ፣ ብርሃነ እንጀራውን ሳይቀር ገልጦ አየ።

"ኖ ፕሮብለም፣ እኔ ኤክስትራ አለኝ" አለች ወይኒ፣ ኪሷን እየከፈተች።

እዚህ ላይ አለቀልኝ። የሰው ፊት ከሚጠፋ ቅዳሜዬ ይጥፋ አልኩና ከብርሃነ ትምህርት የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ ጠየቅሁ።

"ወይኒዬ፣ ዘንጉ ላይ ያለው ይሄ መስመር ምንድን ነው?"

"ጉድ ክዌስችን፣ አንቲ ፅጌ! አንድ ጭነት ሲኖር መስመሩ ልክ አፈሙዙ ጋ ይሆናል። ላሳይሽ" ብላ ዘንጉን ከተተችው።

መስመሩ ከአፈሙዙ በላይ አራት ጣት ቀረ። ወይኒ አየችው። ጠመንጃውን ወደ ኮረብታው እንዳዞረች አስቀመጠችና በመለማመጃው በሙሉ ተኩስ አስቆመች። ሁላችንም ጆሯችንን ገለጥን።

"ማነው ሎድ ያደረገው?"

"እኔ" አሉ ሁለቱም፣ እኩል፣ እየኮሩ።

ከዚያ ተያዩ።

ወይኒ ጭነቱን በጋዝ ግፊት የሚያስወጣ ዕቃ አመጣች። አንድ ጥይት ዱብ አለ፣ ሌላው ተከተለው። "አባዬ፣ እማዬን ቀብሬአለሁ። አንተን ደግሞ በዚህ? አይ ካንት" አለችና እንባዋ መጣ። ፍስሃ እጇን ያዘ። ብርሃነ መሬት መሬቱን አየ። እኔም አለቀስኩ።

ቆይታ አይኗን ጠረገችና ወደኔ ዞረች። "ኦኬ። ወይ ጠመንጃው ይቀራል፣ ወይ አንቲ ፅጌ ሁልጊዜ ቅዳሜ ትመጣለች። ፋርማሲስት ናት። ባሩድ የምትለካው እሷ፣ የምታጎርሰው እሷ። እናንተ ትተኩሳላችሁ፣ ዛትስ ኢት።"

ሦስቱም አዩኝ። ጸጥ ያለው ቤቴ፣ ከሰዓት በኋላ የምተኛት እንቅልፍ፣ ሁሉም በዓይኔ ላይ ሄደ። የፍስሃን ፊት አይቼ ግን እንዴት እምቢ ልበል? "እሺ" አልኩ፣ እንደሱ አጭር አድርጌ።

ስንመለስ ፍስሃ ከኋላ ወንበር አንገቱን አሰገገ።

"ፅጌ፣ ሰባ ነው የምትለኪው?"

"ሰባ።"

"ትንሽ እንኳ አትመርቂልኝም? እንደ ገበያ?"

"አንዲት ቅንጣት እንኳ አልመርቅም።"

"ሰባ ሁለት በይው። የጨዋ ልጅ ነሽ፤ ለኣርሴማ እንኳ ሻይዋ ላይ ስኳር ትመርቂላት አልነበር? እሷ ብትኖር ሰማንያ አስደርጋሽ ነበር፤ በዋጋ ማን ይችላታል..."

ስሟን ከሞተች ጀምሮ ሲያነሳ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ብርሃነ መሪውን እንደያዘ በመስተዋቱ አየው። ፍስሃ ግን አላቆመም፤ ኦክላንድ እስክንገባ ስለ ኣርሴማ የገበያ ክርክር እያወራ ተሟገተኝ፤ እኔም ከሰባ ንቅንቅ አላልኩለትም።